ከክሬኑ ውረጂ

«ሩዲ ዶቢሽ?» አለች ኢርማ። «ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል ሲቀይር የሚያዞረው ሩዲ ነው የኔን ክሬን የሚወስደው?»

የፈረቃው አለቃ ጫማውን ያይ ጀመር። ሰኞ ጠዋት ነው፤ የብረት ፋብሪካው ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል። ኢርማ ሁዳክ መሰላሉን ጨብጣ ከጣራው ሥር ወዳለው ክሬኗ ልትወጣ ስትል ነው አስቁሞ «አርብ የመጨረሻ ቀንሽ ነው» ያላት። ሦስት ዓመት ተኩል እዚያ ላይ ተቀምጣ የጋለ ብረት ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ስታሻግር፣ ከበታቿ የሚሠራ አንድም ሰው ጭረት አልነካውም። ይህን አለቃውም ያውቃል። ዓይኗን ለማየት የፈራው ለዚህ ነው።

«ግፊያ ነው፣ ኢርማ። እኔ ምን ላድርግ? ሩዲም ተገፍቶ ነው።»

ግፊያን እኛ ሐይቁ ዳር ያለን ሰዎች ከእናታችን ጡት ጋር ነው የጠባነው። ፋብሪካው ውስጥ ቦታውን የተቀማ ሰው ዝም ብሎ አይወጣም፤ በአገልግሎት ዘመን ከሱ የሚያንስ ሰው ፈልጎ ያንን ያስነሣል፤ የተነሣው ደግሞ በተራው ሌላ ያስነሣል። መጨረሻ ላይ፣ የሚገፋው ሰው ያጣው ባዶ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ በሩን ይወጣል። ከጦር ሜዳ ለተመለሱት የዘመቱበት ዓመት ሁሉ እንደ ሥራ ዘመን ስለሚያዝላቸው፣ ጦርነቱ ካለቀ ወዲህ ፋብሪካው በግፊያ ሲታመስ ከርሟል። ሴቶችን አስወጡ ብሎ ያዘዘ ማንም የለም። ነገር ግን በበሩ የሚወጡት ሁልጊዜ ሴቶች ነበሩ።

«ሩዲን ማን ገፋው?»

«ኦቶ።»

«ኦቶንስ?»

«ኢርማ፣ ወደ ሥራሽ ግቢ።»

«ኦቶን ማን ገፋው አልኩህ!»

አለቃው ቆቡን አውልቆ መልሶ ደፋው። «ዴዝመንድ ክዊን» አለ። «ከኔ ሰማሁ እንዳትዪ።»

ኢርማ መሰላሉን ወጣች። እንዴት እንደወጣች አታውቀውም። ዴዝመንድ ክዊን ማለት ከፋሲካ በኋላ ልታገባው ቀለበቱን ጣቷ ላይ ያሰረላት ሰው ነው። በዚያ ጠዋት እንደወትሮዋ ብረቷን አነሣች፣ አሻገረች፣ አወረደች፤ እጇ አልተሳሳተም።

*

ዴዝ ወደ ጣልያን ሲዘምት ኢርማን በዳንስ አዳራሽ ሁለት ምሽት ከማስጨፈር በቀር አያውቃትም ነበር። ፍቅሩ የመጣው በደብዳቤ ነው። የመጀመሪያዋን ስትልክለት የምትጽፈው ቸግሯት ስለ ክሬኗ ጻፈችለት፦ ብረቱ ነጭ ሆኖ ወጥቶ እንዴት ብርቱካን እንደሚመስል፣ ከዚያም እንዴት እንደሚጠቁር፤ ከላይ ሲታዩ ወንዶቹ ሁሉ ቆብ ብቻ እንደሆኑ፤ ሐዲዱ ጥግ ላይ ጎጆ ሠርታ ጩኸቱን ከምንም ስለማትቆጥር አንዲት እርግብ። ዴዝ ከጭቃው ውስጥ መለሰላት፦ «ስለ ክሬኑ ጻፊልኝ። ጓደኞቼ የእጮኛቸውን ፎቶግራፍ ያወጣሉ፤ እኔ ክሬንሽን አነብላቸዋለሁ። ሁላቸውም ያፈቅሩሻል፣ ቶሎ ካልመጣሁ ጉድ ፈላብኝ።» ኢርማ ያን ጊዜ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ጻፈችለት፤ እሱም አንዳቸውንም ሳያስቀር መለሰላት።

ሲመለስ ግን በመካከላቸው አንድ ኮረብታ ነበር። ክዊኖች አይሪሾች ናቸው፣ ኮረብታው ላይ ይኖራሉ፤ የዴዝ አባት ፎርማን ሆነው የሞቱ ሰው ናቸው። ሁዳኮች ስሎቫኮች ናቸው፣ ከታች ጭሱ ውስጥ ይኖራሉ። ሁለቱም ካቶሊክ፣ ቤተ ክርስቲያኖቻቸውም ሦስት መንገድ ብቻ ቢራራቁ ነው፤ ያቺን ሦስት መንገድ በሠርግ የተሻገረ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። የዴዝ እናት ወይዘሮ ክዊን፣ ልጃቸው በሕይወት ስለተመለሰላቸው ብቻ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው እሺ አሉ።

እንግዲህ ያን ሰኞ ማታ ኢርማ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ኮረብታውን ወጣች። በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ክዊን ናቸው።

«በሱሪ?» አሉ ከላይ እስከ ታች እያዩዋት። «በዐቢይ ጾም?»

«ዴዝን ጥሩልኝ።»

«እራት ላይ ነው።»

«ይጨርስና ይውጣ፤ እጠብቃለሁ።»

መጠበቅ አላስፈለጋትም፤ ድምፅዋን ሰምቶ በራሱ ወጣ። ዓይኑ ከዓይኗ ሲገጥም ሁሉንም እንደሰማች ገባው። ወዲያው አቀርቅሮ የበረንዳውን ጣውላ ማየት ጀመረ። ዛሬ የማየው ወንድ ሁሉ ወለል አፍጣጭ ሆነ እንዴ ብላ አሰበች።

«ኦቶን የገፋኸው አንተ ነህ?»

«ልነግርሽ ነበር...»

«መቼ? አርብ ማታ? ምሳ ዕቃዬን ይዤ ስወጣ?»

«ኢርማ፣ ረጋ በይና...»

«ምን የሚያስጮህ ነገር መጣ?» አሉ ወይዘሮ ክዊን ከመሀል ገብተው። «የራሷን ኩሽና ልታገኝ ነው ተብላ የምታለቅስ ሴት አይቼ አላውቅም! አዲስ ቤት እየተሠራላት፣ ማቀዝቀዣ እየተገዛላት! ልጄ ሁለት ዓመት ጭቃ ላይ የተኛው ሚስቱ ከጣራ ላይ ተንጠልጥላ ለማየት ነው? እግዜር ራሱ አስተካከለው፤ ተመስገን በይ!»

ኢርማ ወደ ዴዝ ዞራ ጠበቀችው። የጠበቀችው አንድ ቃል ነበር፤ «እማዬ፣ አላበጀሽም» ቢል፣ «ክሬኑ የሷ ነው» ቢል፣ ቆሽቷ በማረር ፈንታ እዚያው አንገቱ ላይ ትጠመጠም ነበር።

«እማዬ፣ ተይ እንግዲህ» አለ ዴዝ፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

«ከጣልያን ሆነህ ስለ ክሬኑ ጻፊልኝ ያልከው አንተ ነህ?» አለች ኢርማ። «ወይስ ሰው ነው ያስጻፍከው?»

ቀለበቱን ልታወልቅ ጎተተችው። አልወጣም፤ ቀኑን ሙሉ እጀታ ስትጨብጥ የዋለ ጣት አብጧል። ደግማ ጎተተችው። ወይዘሮ ክዊን ቆመው ያያሉ፣ ዴዝም ያያል፣ ቀለበቱ ግን እንደ ምስማር ተተክሎ ቀረ። በመጨረሻ እጇን ኪሷ ውስጥ ወሽቃ፣ ለመቆጣት እንኳ ያልታደልኩ እያለች፣ ኮረብታውን እየሮጠች ወረደች።

*

ረቡዕ በምሳ ሰዓት፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ኤመት ሳንድዊቹን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። ኤመት ሁለት ጣቶቹን ለፋብሪካው የሰጠ፣ ምላሱን ግን ለማንም የማይሰጥ ሰው ነው።

«ዴዝን አላናግርም አልሽ አሉ።»

«ለምን አናግረዋለሁ?»

«ክሬኑን አልወስድም ማለቱን ታውቂያለሽ?»

ኢርማ ማኘኳን አቆመች። «የትኛውን ክሬን?»

«ያንቺን ነዋ! ሲመለስ መጀመሪያ የሰጡት ያንቺን ነበር። ከዘመቻ በፊት፣ አንቺ ሳትገቢ፣ እዚያው ክሬን ሥር ይሠራ አልነበር? ዓመቱም ካንቺ ይበልጣል። ወንድ እዚያ ላይ ለማስቀመጥ ቸኩለዋል። እሱ ግን ያ የኢርማ ነው፣ ሌላ ስጡኝ አላቸው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።»

«ታዲያ ኦቶን...»

«ስሚኝ። ኦቶ ሩዲን እንደሚገፋ አውቀናል። ሩዲ ደግሞ የበር ጥበቃውን ይወስዳል ብለን ማልን፤ እሱ መሰላል ሲያይ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ይህን የማያውቅ የለም። ያልቆጠርናት ሚስቱን ነው። ለዘበኛ አይደለም የተዳርኩት አለችው። አሁን ጠዋት ጠዋት ሁለት መለኪያ ውስኪ ጨልጦ መሰላሉን ይለማመዳል። እንዳይወድቅ ጸልዪለት።»

ኢርማን ሳቅ ቃጣት፣ መልሶ ደግሞ እንባ መጣባት። ሁለት ቀን ሙሉ በልቧ ያልሰደበችው ስድብ አልነበረም። እንቅልፍ አጥታ የሰደበችው ሰው ክሬኗን በእጁ ሲያስገቡለት አልነካም ያለ ሰው ነው!

«ነገሩ አሁን አይመለስም?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ይመለሳል። ዴዝ እስከ አርብ ምሳ ሰዓት ድረስ ግፊያዬን እሰርዛለሁ ማለት ይችላል። እሱ ከሰረዘ ኦቶ ወደ ማሽኑ፣ ሩዲም ወደ ቦታው ይመለሳሉ። ዴዝ ግን አንዴ ከሰረዘ የሚቀረው የፋብሪካው ጓሮ ነው፤ ከሰል በአካፋ።»

የኤመትን የመጨረሻ ቃል በቅጡ አልሰማችውም። ምሳ ዕቃዋን ዘግታ ተነሥታ ነበር።

*

ፈረቃው እንዳለቀ አውቶቡስ ይዛ አዲሱ ቤታቸው ወደሚሠራበት፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደች። ባለፈው ዓመት ሽንኩርት የበቀለበት ሜዳ ላይ አሁን ቤት በቅሏል፤ አንዱ ካንዱ አይለይም፣ በሩ፣ መስኮቱ፣ ጭስ ማውጫው ሁሉ አንድ ነው። የወታደር ጃኬታቸውን ያላወለቁ ጎረምሶች ጣውላ ተሸክመው በጭቃው ውስጥ ይመላለሳሉ። የነሱን ቤት ያወቀችው ዴዝ ሲያፏጭ ሰምታ ነው። ምንጊዜም ሲያፏጭ ዜማ ይስታል።

ኩሽናው ውስጥ የቁም ሣጥኖቹን ነጭ ቀለም ሲቀባ አገኘችው። አይቷት ብሩሹን በእጁ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ኤመት ነገረኝ» አለች። «ክሬኔን እምቢ ማለትህን ነገረኝ። ዴዝ፣ አፌን በቆረጠው! ይቅር በለኝ።»

አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ቀለም ፀጉሯን ነካው፣ ማንም ግድ አልሰጠውም። እንዲህ አጥብቆ አቅፏት አያውቅም ነበር፤ ከባቡር የወረደ ለታ እንኳ።

«ቆይ ላሳይሽ» አለ ከዚያ፣ እጇን ይዞ። «ሳህን የምናጥበው እዚህ ነው። መስኮቱን እዪው። ማቀዝቀዣው እዚህ ይቆማል። ጠረጴዛው በዚህ በኩል።»

ኢርማ መስኮቱን አየች። በመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ኩሽና መስኮት ነው። ደስ የሚል ንጹሕ ኩሽና ነበር፣ ሐሰት አልናገርም፤ በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ያየ አልነበረም።

«ያምራል» አለች። «ዴዝ፣ እስከ አርብ ትችላለህ ብሎኛል ኤመት። ነገ ሄደህ ትሰርዘዋለህ አይደል?»

ዴዝ ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር።

«ሩዲ ክሬኑን እንደሚወስድ የሰማሁት ሰኞ አይደለም» አለ። «ቅዳሜ ነው።»

«ቅዳሜ?»

«ቅዳሜ።»

«እሁድ እናቴ ጋ ምሳ አብረን በላን እኮ! ስትስቅ ነበር። ሁለት ጊዜ ጨምሩልኝ ብለህ በላህ!»

«አዎ።»

«ለምን ዝም አልከኝ?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። ልነግርሽ ፈራሁ ቢላት ታምነው ነበር፣ ነገሩም እዚያው ያበቃ ነበር። የዴዝ ጥፋቱም ደግነቱም መዋሸት አለማወቁ ነው።

«ደስ ስላለኝ» አለ።

ኢርማ ጆሮዋን ማመን አቃታት።

«አልወስድም ስል እውነቴን ነበር፣ ኢርማ፤ በእናቴ ልማልልሽ። ግን ሩዲ ክሬኑ ላይ ይወጣል ሲሉኝ... እኔ ሳልነካው፣ እኔ ሳልጠይቅ፣ ነገሩ በራሱ ሆነልኝ። ደስ አለኝ። አፈርኩበት፣ ግን ደስ አለኝ። እዚያ ሆኜ ደብዳቤሽን ሳነብ ከፍ ብለሽ ማንም የማይተኩስብሽ ቦታ ላይ ተቀምጠሽ ነበር የምትታዪኝ። እዚህ መጥቼ አንጋጥጬ ሳይሽ ግን የምትወድቂ ይመስለኛል። ስንቱ ሲወድቅ አየሁ መሰለሽ? ቤት ስገባ በሩን ከፍቼ አንቺን ከታች፣ መሬት ላይ ባገኝሽ ብዬ ነው። ይኸው ነው። ሌላ ክፋት የለኝም።»

ከጎረቤት መዶሻ ይሰማል።

«እኔም ልንገርህ» አለች ኢርማ። «ጃፓን እጅ የሰጠች ለታ ፊሽካው ሁሉ ተነፋ። ሰው ሁሉ ሥራውን እየጣለ ወደ መንገድ ወጣ፤ ሽማግሌ ከማያውቃት ልጃገረድ ጋር እየተሳሳመ፣ ቄሱ ራሳቸው ደወሉን እየደወሉ። እኔ ከክሬኑ አልወረድኩም። እዚያው ሆኜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ከታች የነበሩት፣ አይ ኢርማ፣ ሰውዬዋ ሊመጣላት ነው፣ ከደስታ ብዛት ነው አሉ። እኔ ዝም አልኳቸው።»

«ታዲያ ከደስታ አልነበረም?»

«ከደስታም ነበር። አንተ ትመጣለህ፤ እኔ ደግሞ እወርዳለሁ። ሁለቱም ገባኝ፣ ባንዴ። ያለቀስኩት ግን ለሁለተኛው ነው።»

የዴዝ ፊት አመድ መሰለ። «ጦርነቱ በማለቁ አዘንሽ?»

«ለዚያች ሰዓት አዘንኩ።»

«እኔ እዚያ እያለሁ?»

«አንተ እዚያ እያለህ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

የቀለሙ ቆርቆሮ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ልትነካው እጇን ዘረጋች፣ መልሳ ሰበሰበችው። ሁለት ዓመት ሙሉ በደብዳቤ ያልተባባሉት ነገር የለም ብለው ያምኑ ነበር፤ ይህን ግን አልተባባሉም።

በእንዲህ ያለ ሰዓት ይህ ታሪክ በሚወጣበት የፍቅር መጽሔት ላይ የምታነቧቸው ልጃገረዶች፣ የኔ ፍቅር፣ ስላንተ ስል ሁሉንም ትቻለሁ ይላሉ። ኢርማም ጥቂት አሰበችው። አሰበችውና አንገሸገሻት።

«ሂድና ሰርዘው» አለች።

«ከሰረዝኩ የሚተርፈኝ አካፋ ነው። በአካፋ ደመወዝ ባንኩ ይህን ቤት አይሰጠንም።»

«አውቃለሁ።»

«አውቀሽ ነው የምትዪኝ?»

«አውቄ ነው። ኩሽናውን አየሁት፣ ጥሩ ነው። ክሬኑ ይሻለኛል። አንተን ግን ከሁለቱም አብልጬ እወድሃለሁ፤ ለዚህ ነው የማልዋሽህ።»

ዴዝ ቀና ብሎ አያት። እሺም እምቢም አላላትም። ኢርማ ወጣች። አውቶቡሱን አልጠበቀችም፤ ጭቃውን እየረገጠች በእግሯ ሄደች። ያን ያህል ቁርጡን ተናግራ ልቧ ይቀላታል ብላ ነበር። አልቀለላትም።

*

አርብ ምሳ ሰዓት አለፈ። ማንም መሰላሉ ሥር መጥቶ ኢርማ ብሎ አልተጣራም። ፊሽካው ሲነፋ ወረደች፣ የልብስ ሣጥኗን ባዶ አደረገች፣ ጓንቷን አለቃው እጅ ላይ አስቀመጠች። ዴዝ አልሰረዘም ማለት ነው ብላ ደመደመች። ነጩን ኩሽና መርጧል፤ ቢመርጥስ ማን ይፈርድበታል?

ቤት ስትደርስ እናቷ የሉም። በእኛ ጾም የሚከለከለው ሥጋ ብቻ ስለሆነ፣ በጾም አርብ የሰፈራችን እናቶች በሙሉ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ተሰብስበው፣ ድንችና አይብ በሊጥ እየጠቀለሉና እየቀቀሉ ይሸጣሉ፤ ከኮረብታው ሳይቀር ወርደው ይገዛሉ። ኢርማ ብቻዋን ኩሽና ተቀመጠች። በሩ ሲንኳኳ ቀለበቱን ሊቀበል መጣ ብላ ተነሣች።

ዴዝ ነበር። ከቆቡ እስከ ጫማው ጥቁር ነው፤ ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ፣ የጆሮው ጫፍ ሳይቀር። ነጭ የቀረው ዓይኑ ብቻ ነው። የጓሮ ሠራተኞች እንዲህ ሆነው ነው የሚወጡት።

«ሰረዝከው!» አለች ኢርማ።

«ከምሳ በፊት ሰረዝኩት። ወዲያው አካፋ ሰጡኝ።»

ጮኸች፣ ጥቁሩን ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው፤ ከንፈሯ ላይ የከሰል ጣዕም ቀረ። እሱ ግን አልሳማትም። እጆቹ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው ነበር። ያን ጊዜ ነው ሌላው ነገር የታወሳት።

«ታዲያ ለምን ማንም አልነገረኝም? ሣጥኔን ባዶ አድርጌ ወጣሁ እኮ።»

«ኦቶ ማሽኑን አገኘ» አለ ዴዝ በዝግታ። «ሩዲም ተመለሰ፤ ደስ ብሎት ጉንጬን ሳመኝ። ክሬኑን ግን ከባሕር ኃይል ለተመለሰ ሰው ሰጡት። ክሬን በሥዕል እንኳ አይቶ አያውቅም። ሰኞ ያስተምሩታል።»

«ቦታው የኔ ነው! ገፊዬ ከተመለሰ ቦታው የኔ ነው!»

«ቢሮ ገባሁ። የሴቶች መታጠቢያ ቤት በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ መታጠቢያ በሌለበት ሴት አናሠራም አሉኝ። ሴት ከወለል በላይ አትሠራም ተብሏል አሉኝ።»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔም ጠየቅኩ። ተብሏል ነው የሚሉት።»

«ኤመትስ?»

«የማኅበሩ ውል ላይ ስለ ሴት የተጻፈ ነገር የለም አለ። እሱም ተናዷል። እንግዲያውስ ማሽኔን መልሱልኝ አልኳቸው፣ አንዴ ሰርዘሃል አሉኝ። ባንክ ደግሞ...»

ክሬኑ የለም፣ ቤቱም የለም። ረቡዕ ዕለት እዚያ ነጭ ኩሽና ውስጥ ቆመው ልባቸውን በጥፍራቸው ቧጠው ያወጡት፣ እነሱ የሚመርጡ መስሏቸው ነበር።

«ሞኝ!» ብላ ደረቱን መታችው። አቧራው ቦነነ። «መጀመሪያ አትጠይቅም? አንድ ጊዜ ገብተህ፣ ብሰርዝ ለኢርማ ትመልሱላታላችሁ ወይ ብለህ አትጠይቅም?»

«ሂድ አልሺኝ፣ ሄድኩ።»

«ሂድ ስልህ ዝም ብለህ ትሄዳለህ?» ደግማ መታችው። «ማን ሂድ አለህ!»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔማ ብልህስ! ቤቱን ወድጄው ነበር እኮ፤ ትንሽ ወድጄው ነበር!»

«እኔም ወድጄው ነበር» አለ ዴዝ፣ ድምፁ ተሰበረ። «ደስ ብሎኝ ነው ያደረግኩት ብዬ አልዋሽሽም። እያረርኩ ነው የሰረዝኩት። እርር ድብን እያልኩ።»

ይህን ስትሰማ ኢርማ እንባዋ ወረደ። ማንም ወንድ፣ በደብዳቤም ሆነ በቃል፣ እንዲህ ያለ ነገር ብሏት አያውቅም። ቢስቅ፣ ቢያጽናናት፣ ስላንቺ ምን አለበት ቢላት እዚያው ትጠላው ነበር። እያረረ አደረገው፤ እያረረም መጣ።

«ልሂድ?» አለ።

«የት ትሄዳለህ?»

«ተናደሻል።»

«ተናድጃለሁ። ስለዚህ አትሂድ። ግባ፣ ተቀመጥ።»

«እስኪበርድልሽ ድረስ?»

«የሚበርድልኝ አይመስለኝም፣ ዴዝ። በዚህ ሳምንትም፣ በዚህ ዓመትም።»

«እንግዲያውስ እቀመጣለሁ» አለ።

የእናቷን መከዳ እንዳያቆሽሽ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ኢርማ የሚታጠብበትን ውኃ ጣደች፤ ድስቱን ምድጃው ላይ አላተመችው። ሳሙናውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው፣ መሳቢያውን እየደበደበች ፎጣ አወጣች። ድስቱ ሲላተም ዴዝ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። የተናደደችው በሱ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። የተናደደችው ተብሏል ባለው ሰው ነው፤ ያ ሰው ግን ስሙ አይታወቅ፣ ቤቱ አይታወቅ፤ ኩሽናው ውስጥ የሚቆጡት ሰው ቢፈለግ ያለው ዴዝ ብቻ ነበር።